ጠቅልለው ሊገቡ ነው የተባሉት ጋሽ አያሌው

ባለፈው ግንቦት አንድ ሳምንት ያህል ቤቴ ጎማ ጎማ ሲሸት ከረመ። ጎማ ብቻም አልነበረም፤ ጨው አለበት፣ የረጋ ውሃ ጭቃ አለበት፣ ከስንት ዓመት በፊት የደረቀ የዓሣ ቅርፊት አለበት። ሽታው የሚወጣው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለችው ጠባብ አፓርታማዬ፣ በሩ አጠገብ ካለው ቁም ሳጥን ነበር። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ተሰቅሏል። ወንድሜ ናቲ ነው ቅዳሜ ዕለት አምጥቶ የሰጠኝ። «አንቺ ጋ ይሁን፣ እኔ ጋ ቦታ የለም» አለኝ። ሻይ አፈላሁለት፤ ሳይጨርሰው ሄደ።

እሑድ የቁም ሳጥኑን በር ዘጋሁት። ሰኞ መልሼ ከፈትኩት። ማክሰኞ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ ቤቱን አናፈስኩ፤ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። ቁጭ ስል ተነሺ ተነሺ ይለኛል፣ ስነሳ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ይጠፋኛል። የምሠራው ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ መቀበያው ላይ ነው፤ በዚያ ሳምንት የሁለት ሰው ቀጠሮ አንድ ሰዓት ላይ ደርቤ ተሰደብኩ። ምን እንደነካኝ ልቤ ያውቀዋል፣ አፌ ግን አልል አለ።

ካፖርቱ እጅ ሲቀይር ይህ ሁለተኛው ነው። መጀመሪያ የቀየረው ልጆች ሳለን፣ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነበር። ባለቤቱ፣ ጎረቤታችን ጋሽ አያሌው፣ ለናቲ ሲሰጡት በራሳቸው እጅ ሊሞቱ ወስነው ነበር። ያን ጊዜ ይህን ያወቀ ሰው የለም። ሕንፃው በሙሉ ያወቀው ሌላ ነገር ነው፤ ያወቀውም ነገር ስሕተት ነበር። ጋሽ አያሌውን ያተረፈልን ያ ስሕተት ነው።

ሕንፃችን ቀይ ጡብ፣ ሊፍት የሌለው፣ ምድር ቤቱ ሳንቲም የምትበላ የልብስ ማጠቢያ ያለበት ነበር። አብዛኛው ነዋሪ በዲቪ የመጣ ያገሬ ሰው ነው። ደረጃው ላይ የተፋቀ የስልክ ካርድ እንደ ቅጠል ረግፎ ይታያል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በየበሩ «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማሻል?» የሚል ጩኸት ነው። ሁሉም የሚሠራው ሥራ ስሙ ይታወቃል፦ ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ ታክሲ፣ ነርሲንግ ሆም። እናቴ ፀሐይ ነርሲንግ ሆም፣ የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት፣ ነበር የምትሠራው። ስሙ የማይታወቅ ሥራ የነበራቸው ጋሽ አያሌው ብቻ ናቸው። እሳቸው ጀልባ ላይ ነበር የሚሠሩት።

ያደጉት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ ነው ጎልማሳ የሆኑት። አሜሪካ ሲመጡ እንደማንኛውም ሰው ፓርኪንግ አስገቧቸው፤ ከመሬት በታች፣ የመኪና ጭስ ሲውጡ ውለው ይገባሉ። «እኔ በሕይወቴ ሰማይ ሳላይ ውዬ አላውቅም» ይሉ ነበር በኋላ ሲያወሩ። አንድ ቀን ሥራውን ጥለው፣ በአሮጌ ፒክአፕ ቼሳፒክ ወሽመጥ ዳር ወዳለ ወደብ ነድተው፣ እንግሊዝኛቸውን አሰባስበው «ዓሣ ማጥመድ እችላለሁ» አሉ። አንድ ሽማግሌ የጀልባ ካፒቴን አያቸው፣ እጃቸውን ገልብጦ መዳፋቸውን አየና ቀጠራቸው። ሕንፃችን ይህን ሲሰማ ሳቀ። አሜሪካ ድረስ መጥቶ ዓሣ አጥማጅ! ሰው ወደፊት ሲሄድ እሳቸው ወደኋላ ሄዱ ተባለ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ወደቡ አጠገብ ተጎታች ቤት ውስጥ ያድራሉ፤ ቅዳሜ ወደ አሌክሳንድሪያ ይመጣሉ። መምጣታቸውን የሚነግረን ሽታው ነው። ያ የጎማ፣ የጨውና የጭቃ ሽታ ከሳቸው ቀድሞ ደረጃውን ይወጣና በራችን ስር ሾልኮ ይገባል። ናቲ ያን ጊዜ ገና አንደኛ ክፍል አልገባም፤ ሽታው እንደደረሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ቢጫው ካፖርት በር ላይ ሲቆም የደረጃው መብራት ሳይቀር የደመቀ ይመስለኝ ነበር። እጃቸው ኦይስተር በሚሉት የባሕር እንስሳ ድንጋይ መሳይ ቅርፊት የተቆራረጠ ነው፤ ጉንጬን ሲቆነጥጡኝ ሞረድ ይመስል ይሻክራል። እኔ ግን እወደው ነበር።

በጋ ላይ ሸርጣን፣ ክረምት ላይ ኦይስተር ያወጣሉ፤ ሁለቱንም ግን አንድም ቀን ቀምሰው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ሸርጣን ሲያወጡ ውለው ማታ ሽሮ ሠርተው ይበላሉ። «ሥራ ነው እንጂ ምግብ አይደለም» ይላሉ። አንድ ቅዳሜ ናቲን ለማስደሰት አንድ በሕይወት ያለ ሸርጣን በባልዲ ይዘው መጡ፤ ሸርጣኑ ከባልዲው ወጥቶ ማቀዝቀዣው ስር ገባ። እማዬ ወንበር ላይ ወጥታ «ጋሽ አያሌው፣ ይሄን ርኩስ ነገር ካላወጡልኝ ፖሊስ ነው የምጠራው!» ስትል፣ እሳቸው በእንብርክካቸው ሆነው እየሳቁ በመጥረጊያ ሲጎረጉሩ ትዝ ይለኛል። ለሰዉ የሚያመጡት ንጹሕ ዓሣ ነበር። በጾም ይበላል አይበላም እየተባለ ደረጃው ላይ ክርክር ይነሳል፤ ክርክሩ ሳያልቅ ዓሣው ያልቃል።

ስለ ካፒቴኑ ብዙ ያወሩ ነበር። ጋሽ አያሌው ጠዋት ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ያማትባሉ፤ ካፒቴኑም ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ እስኪጨርሱ ይጠብቃቸዋል። እሱ ራሱ ሲጸልይ አይተውት አያውቁም። አንዴ ቤታችን አምጥተውት ነበር። ቀጭን፣ ነጭ ጢም ያለው፣ ሶፋው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ቃሪያ በልቶ ዓይኑ እያነባ በእንግሊዝኛ «ጉድ፣ ጉድ» አለ፤ እማዬ አገርኛውን «ጉድ» ያለ መስሏት ውሃ ይዛለት ሮጠች። ጋሽ አያሌው ያን ቀን ካፒቴኑን አሻግረው የሚያዩበት ዓይን ወንድማቸውን የሚያዩበት ነበር።

ካፖርቱን ለናቲ በሰጡበት ክረምት ኦይስተር ጠፋ። ውሃውን ምን እንደነካው እንጃ፣ መረቡ ባዶ ይወጣል ይሉ ነበር። የግራ ትከሻቸው ላይ የማይድን ሕመም ገባባቸው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ዓሣ ሳይዙ መጡና በራችን ላይ ቆመው «ካፒቴኑ ዐረፈ» አሉ። እማዬ ነጠላዋን ጎተት አድርጋ «ውይ! ምን ሆኖ?» ስትል «በድንገት» አሉ።

በድንገት አልነበረም። ካፒቴኑ ራሱን ነበር ያጠፋው። ጋሽ አያሌው ይህን ለማንም አልተነፈሱም፤ ቃሉ ራሱ በኛ ሕንፃ አፍ ሞልቶ የሚነገር አይደለም። በኋላ ለእናቴ እንዳወሯት ከሆነ፣ ከሞቱ ይልቅ ያደቀቃቸው ማግሥቱ ነው። የወደቡ ሰዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ትንሽ ቆሙ፣ መሬት መሬት አዩ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ጀልባው ሄደ። ለቅሶ የለ፣ አስተዛዛኝ የለ፣ ስሙን የሚያነሳ የለ። ከዚያ በፊትም በሌላ ጀልባ አንድ እንደዚሁ ሞቶ ነበር አሉ፤ ማዶ ካሉት የበቆሎ እርሻዎችም አንድ ገበሬ። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም። ውሃና መሬት ላይ የሚሠራ ሰው ብቻውን ነው የሚውለው፤ ዝናቡ ሲበዛም ሲጠፋም ጥፋቱን ራሱ ላይ ነው የሚያየው። ጋሽ አያሌው ያችን ዝምታ ይዘው በየሳምንቱ ወደ ተጎታች ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

ከዚያ ዕቃ ማደል ጀመሩ።

ቅዳሜ መጡና በረዶ መያዣ ሳጥናቸውን ለእማዬ ሰጧት። ቴሌቪዥናቸውን ከታች ላለችው ለወይዘሮ አስካለ፣ ብርድ ልብሳቸውን አዲስ ለመጡት ባልና ሚስት። ለናቲ ካፖርቱን። ናቲ ወዲያው ለበሰው፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል፣ እጁ እጅጌው ውስጥ ጠፍቷል፤ ኮሪደሩን ሲመላለስ ካፖርት ብቻውን የሚሄድ ነበር የሚመስለው። ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ አያሌውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

አሜሪካ ውስጥ ያገሬ ሰው ቴሌቪዥኑን ካደለ ትርጉሙ አንድ ነው። ወይዘሮ አስካለ ወሬውን ያገኘችውም ያሠራጨችውም በዚያው ከሰዓት ነው፦ ጋሽ አያሌው ጠቅልለው ሊገቡ ነው! ምቀኝነትም ነበረበት። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ጠቅልሎ መግባትን ያወራል፤ የሚያደርገው የለም። «ብልህ ሰው ናቸው» ተባለ፤ «ባሕር ዳር ቤት ሠርተው ጨርሰዋል አሉ» ተባለ። አንዱ እንደውም ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው ነገረን።

አገር ቤት የሚሄድ ሰው ካለ ደግሞ ዕቃ አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጀመሪያዋ ሴት በራቸውን አንኳኳች። የእናቷን መነጽር ይዛ ነው፤ እናቷ ባሕር ዳር ናቸው፣ መነጽራቸው ከተሰበረ ወዲህ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። «ትንሽ ነገር ናት ጋሽዬ፣ ኪሎ አትበላም» አለች። ጋሽ አያሌው በሩን ይዘው ቆሙ። «አልሄድም» ቢሉ «ታዲያ ዕቃዎን ለምን አደሉ?» መባሉ ነው። ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው! ከአናንዴል የደም ግፊት መድኃኒት መጣ፣ ከላንግሊ ፓርክ የልጅ ጫማ፣ ቫይታሚን፣ ሽቶ፣ ስልክ፣ ለእህቷ ሠርግ አንዷ በትርፍ ሰዓት ሠርታ የገዛችው ቬሎ። ሁሉም «ትንሽ ነገር ናት» እያለ ነው የሚሰጠው። ሁሉም ሲወጣ «አደራ» ይላል። ወደ ወደቡም አልተመለሱም፤ በዚያ ሳምንት በራቸው ተንኳኩቶ አላባራ አለ። ሶፋቸው ሞላ፣ ጠረጴዛው ሞላ፣ ቬሎው ካፖርቱ ይሰቀልበት በነበረው ምስማር ላይ ተሰቀለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት እማዬ ምስር እየቀቀለች፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራ እየሠራሁ ሳለሁ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ አያሌው ናቸው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዘዋል፤ ቬሎውን ትከሻቸው ላይ፣ በታመመው ትከሻ ላይ፣ ጥለውታል። ሻንጣዎቹን ሳሎናችን መሐል አስቀምጠው «ፀሐይ፣ ይሄ የሰው ዕቃ ነው። የሚሄድ ሰው ስታገኚ አድርሺልኝ፣ አደራ» አሉ።

«እንዴ፣ የሚሄዱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

እማዬ አየቻቸው። ሻንጣውን አየችው። ካፖርቱን ለብሶ ወለሉ ላይ የተኛውን ናቲን አየች። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ዕቃቸውን ማደል የጀመሩ ሽማግሌዎች አጋጥመዋታል፤ እዚያ ምን እንደሚጠየቅ ተምራለች፣ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ብላው አታውቅም። ምድጃውን አጠፋችና አጠገባቸው መጥታ ቆመች።

«ጋሽ አያሌው፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ነው?»

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። እናቴ ትልቅ ሰውን እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ በሩን በርግደው የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ጋሽ አያሌው ግን ቬሎውን ከትከሻቸው ቀስ ብለው አወረዱና ሶፋው ላይ ዘረጉት፣ እንዳይጨማደድ አስተካከሉት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጡ።

«አዎ ፀሐይ» አሉ። «ሰሞኑን ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ያቺ ልጅ የእናቷን መነጽር አመጣች። ለሰው ሰጥቼ እሄዳለሁ አልኩ። በነጋታው መድኃኒት መጣ። መድኃኒቱን ሳሰናዳ ደግሞ ይሄ የሙሽራ ልብስ። የሰው ሙሽራ ልብስ ቤት ተሰቅሎ እንዴት ይኬዳል? ዕቃው አላስሄደኝ አለ።»

እማዬ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነባት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አንዱን ሻንጣ መልሳ ወደሳቸው ገፋችው።

«አልቀበልም» አለች። «የተቀበሉትን አደራ ራስዎ ያደርሱታል። እኔ አልቀበልም።»

እኔንና ናቲን ወይዘሮ አስካለ ቤት ላከችን። የቀረውን የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አንዲት ደቂቃ ለብቻቸው አልተወቻቸውም። ያች ዓሣ ዓሣ የምትሸት ፒክአፕ ውስጥ አልገባም ብላ የማለች ሴት፣ በዚያው ከሰዓት አብራቸው ገብታ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፤ የት ከተማ እንዳለች የማትታወቅ፣ ድምፅዋ የለሰለሰ ሴት። ጋሽ አያሌው ለማንም ያልነገሩትን ለዚያች ድምፅ ነገሯት፤ የካፒቴኑን ሞት፣ ወደቡ ላይ የነበረውን ዝምታ፣ ትከሻቸውን፣ ሌሊቱን። እዚያው አስተኟቸው። እማዬ ለሕንፃው «አሟቸዋል» ብቻ አለች። እውነቱን የነገረችው ለወይዘሮ አስካለ ነው፤ ምግብ ማመላለስ ስላለባት። ወሬ ይዛ የማታድረው ወይዘሮ አስካለ ይህን አንዱን ይዛ እስካሁን አለች።

ጋሽ አያሌው ከሆስፒታል ሲወጡ እማዬ በየበሩ ዞረች። «የሰጧችሁን መልሱ» ትላለች። «ለምን? አይሄዱም እንዴ?» ሲሏት «ይሄዳሉ፣ ግን ይመለሳሉ» ትላለች። የተሰጠ ዕቃ ተመላሽ ሲጠየቅ በኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ያጉረመረመም ነበር። ቴሌቪዥኑ ተመለሰ፣ ብርድ ልብሱ ተመለሰ። ካፖርቱ ብቻ አልመለስ አለ። ናቲ ውስጡ ተጠቅልሎ ኡኡ አለ፤ እጅጌውን ብንስብ እሱም አብሮ ይሳባል።

ጋሽ አያሌው ፊታቸው ገርጥቶ፣ ከስተው፣ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። «ተዉት» አሉ። ከዚያ ናቲ ፊት ተንበረከኩ። «ስማኝ ጎረምሳው። ይሄ ስጦታ አይደለም፣ አደራ ነው። የኔ ካፖርት ነው፤ ያዝልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አየዋለሁ። አንተ አድገህ ልክ ሲሆንህ ማየት አለብኝ።» ናቲ ንፍጡን በካፖርቱ ጠርጎ «እሺ» አለ።

በጋው ሲገባ፣ ሐኪማቸው ሲፈቅድላቸው፣ ሕንፃው ትኬት ገዛላቸውና ሻንጣዎቹን ይዘው እውነትም ሄዱ። ዕቃውን ሁሉ በየቤቱ አደረሱ። ባለ መነጽሯ እናት መነጽሩን አድርገው ቀና እንዳሉ መጀመሪያ ያሉት «አንተ ሰው፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?» ነው። ጋሽ አያሌው ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። ባለ ቬሎዋም ሠርግ ላይ ተጠርተው በልተዋል፤ የጣና ዓሣ።

ተመልሰው ወደ ውሃው ገቡ። እማዬ ተቆጣች፤ እሳቸው ግን ሰማይ የማይታይበት ሥራ አልችልም አሉ። በስምምነት ነው የለቀቀቻቸው። ሌላ ጀልባ፣ ሁለት ወንድማማቾች የሚሠሩበት፤ ብቻዎን አይሆኑም አለች። ማታ ማታ ደግሞ ከወደቡ ስልክ። እማዬ የግድግዳውን ስልክ አንስታ መጀመሪያ «እራት በሉ?» ትላለች። ቀጥላ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ያ ሐሳብ መጣ?» ትላለች። አንዳንድ ማታ «አልመጣም» ይላሉ። አንዳንድ ማታ «መጥቶ ነበር» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ስልኩ ቶሎ አይዘጋም። እኔ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነው ያንን ጥያቄ የለመድኩት። የሚያስፈራ ነገር ሆኖ አልታየኝም፤ እንደ «በሉ?» ነበር።

እዚያ ወደብ ላይም ይጠይቁ ጀመር። እንግሊዝኛቸው ዙሪያ ጥምጥም ለመሄድ የሚበቃ አልነበረም፤ ስለዚህ በቀጥታ ይጠይቃሉ። ያኮረፈ፣ የጠፋ፣ ምሳውን የማይበላ ሰው ካዩ አጠገቡ ሄደው ይቀመጡና ያችኑ ጥያቄ ይጠይቁታል። መጀመሪያ ሰዉ ደነገጠ አሉ። አንዱ ሊማታ ተነስቶ ነበር። ያው ሰውዬ በነጋታው መኪናቸው ጋ ጠብቆ የልቡን አወራቸው።

ካፖርቱን በየቅዳሜው አዩት። ናቲን ግድግዳ ላይ እንደሚለካ ልጅ በካፖርቱ ይለኩታል፤ ከመሬት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት። ናቲ ሃይስኩል ሊጨርስ ሲል አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ለብሶት ወጣ። ጋሽ አያሌው ትከሻውን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አንገትጌውን አቃኑ፣ ቁልፉን እስከ ላይ ቆለፉለት። «ልክ ሆነ» አሉ። ናቲ «እንግዲህ ይውሰዱት» ቢላቸው «አይ፣ አሁን ደግሞ ሲያረጅብህ ልየው» አሉት።

ሲያረጅበትም አዩት። ያረፉት ካቻምና ነው፣ ፀጉራቸው ነጭ ሆኖ፣ በልብ ሕመም፣ እናቴ እጃቸውን ይዛ። ፍትሐቱ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ ቦት ጫማ ያደረጉ ፈረንጆች ቆመው ነበር፤ ጫማ ማውለቅ እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም፣ ካህኑም አይተው ዝም አሉ። ከመሐላቸው አንዱ እየወጣን ሳለ ለእማዬ «እኔን አንዴ ጠይቆኝ ነበር» አላት። ስሙን እንኳን አልነገረንም።

ናቲ የመሬት ሰው ሆነ። ከጀርመንታውን ወጣ ብሎ መሬት ተከራይቶ ለሐበሻ ሱቆች ቃሪያና ጎመን ያመርታል። ካፖርቱን ማሳው ላይ ነበር የሚለብሰው። ባለፈው ፀደይ ዝናቡ ችግኙን ደጋግሞ ወሰደበት፤ አብሮት ይሠራ የነበረው ጓደኛው ተስፋ ቆርጦ ከተማ ገባ። በስልክ ድምፁ አጠረ። «አም ጉድ፣ ኮል አደርግሻለሁ» ይላል፤ አያደርግም። ከዚያ በዚያ ቅዳሜ ካፖርቱን አመጣልኝ። ረቡዕ ውሻውን ላንግሊ ፓርክ ላለ ጓደኛው እንደሰጠ ሰማሁ።

ሐሙስ ከሥራ ቦታዬ ወጥቼ እማዬ ጋ ደወልኩ። «ናቲ ዕቃ እያደለ ነው» አልኳት።

«ካፖርቱንስ?»

«እኔ ጋ ነው።»

«በስልክ ደህና ነኝ ይልሻል» አለችኝ። «ሂጂ። ፊቱን እያየሽ ጠይቂው። እኔም መጣሁ።»

ለአለቃዬ አሞኛል አልኩ፣ ውሸትም አልነበረም። ቤቴ ሮጬ ካፖርቱን ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ። መንገዱ ላይ መኪናው ሁሉ ተገትሯል፤ መጥረጊያው ዝናቡን አልችል ብሏል፤ ካፖርቱ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ እንደ ሰው ተቀምጧል። ጮክ ብዬ ጥያቄውን እለማመድ ነበር። እናቴ ስትለው ቀላል ነበር፤ እኔ ግን ግማሹ ላይ እየደረስኩ እንደገና እጀምራለሁ።

ናቲን ያገኘሁት ችግኝ የሚያፈላበት ላስቲክ ቤት ውስጥ ነው። ችግኝ አልነበረበትም። ተቀምጦ ባዶውን መደብ ያያል።

«ሜሪ? ዋት ሃፕንድ? ሥራ የለሽም እንዴ?»

«ናቲ» አልኩት፤ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ነው?»

ዝናቡ ላስቲኩን ይደበድባል። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ክንዴ ላይ ያለውን ካፖርት። «ኖ፣ አይ ሚን...» ብሎ ጀመረና ተወው። ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ወንድሜ በአማርኛ «አዎ» አለ። «አንዳንዴ። ሰሞኑን ግን ሁልጊዜ።»

ከቅዳሜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ማለት ቻልኩ፤ የተገለበጠ ሳጥን ላይ፣ ጉልበቴ ጉልበቱን እየነካ። ካፖርቱን እግሩ ላይ አኖርኩት።

«አልቀበልም» አልኩት። «አደራው የተሰጠው ላንተ ነው።»

ናቲ ፊቱን ካፖርቱ ውስጥ ቀበረና አለቀሰ፤ ትንሽ ልጅ ሆኖ እንዳለቀሰው ነው ያለቀሰው። አሁን ሦስት ቁጥር ብቻ የሚደወልበት የእርዳታ መስመር አለ፤ አብረን ደወልን፣ ስልኩን መሐላችን አስቀምጠን አወራን። ማውራቱን ሲጨርስ ካፖርቱን አለበስኩት። በሩ ላይ እማዬ ከታክሲ ስትወርድ አየናት፤ ነጠላዋ በስብሷል። መጀመሪያ ያለችው «በላችሁ?» ነው።

ሆስፒታል የወሰድነው በኔ መኪና ነው፤ እሱ ከነርጥብ ካፖርቱ ከፊት፣ እማዬ ከኋላ ሆና እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ። ዛሬ በየሳምንቱ ሐኪሙ ጋ ይሄዳል። ውሻው ተመልሷል። ማታ ማታ እደውልለታለሁ፤ አንዳንድ ማታ «መጥቶ ነበር» ይለኛል፣ ያን ጊዜ ስልኩ ቶሎ አይዘጋም። መኪናዬ እስከ ዛሬ ጎማ ጎማ ይሸታል። መስኮቱን አልከፍትም።